የተገዘተው ብረት

ልብስ ሰፊው ወርቅአገኘሁ በሰፈሩ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፣ ለበዓል ብለው የሰጡት ሱሪ ሁልጊዜ በበዓሉ ማግስት መድረሱ ነው። ሁለተኛው ብረቱ ነው። ለሱሪው ምክንያት ሞልቶታል፤ መብራት ጠፋ፣ መርፌ ተሰበረ፣ ዚፕ ከአዲስ አበባ አልመጣም ይላል። ለብረቱ ግን ምክንያት አቅርቦ አያውቅም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፣ ሚስት የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተጎንብሶ ይውላል። አንድ ቀን ስልኩ ላይ አንገት የሌለው ፈረንጅ የበሬ ያህል ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ ሲነሣ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ሰው በፍቅር ሲያብድ አይታችሁ የለ? እሱ በብረት አበደ።

የሚኖረው ደብረ ብርሃን፣ እትዬ ወለተ ሥላሴ ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ነው። ከጓሮ በቆርቆሮ የተከደነች የማገዶ ማስቀመጫ ነበረች፤ እትዬን ለምኖ፣ እንጨቱን አስወጥቶ «ጂም» አደረጋት። ከተማው ውስጥ ካለው ጂም ለምን አትሄድም ያሉት እንደሆነ፣ «እዚያ ያሉት መስታወት ለማየት የሚመጡ ናቸው» ይላል። ዘንጉን ያመጣው ከደብረ ሲና ነው፤ መንገድ ዳር አሮጌ የጭነት መኪና ከሚፈታቱ ሰዎች ገዝቶ፣ ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኖ፣ ጣርማ በርን እስኪወጡ ድረስ ረዳቱ «ይሄ መድፍ ነው እንዴ?» እያለ ሲያበሽቀው መጣ። ክብደቶቹን ራሱ ሠራ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር አቡክቶ የእትዬ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገለበጠው። ሳፋው ከዚያ ወዲያ ሳፋ አልሆነም። ዘንጉን የሚያሳርፍበት ሁለት ባላ እንጨት መሬት ቀበረ፤ ተንጋሎ የሚገፋበትን አግዳሚ ከባሕር ዛፍ ጣውላ መታ። የወገብ ቀበቶው ላይ ግን ሙያውን አሳየ። ሸራ በሸራ ላይ ደራርቦ፣ ስፌት በስፌት ላይ ሄዶበት፣ በቅሎ ብትጎትተው የማይበጠስ ነገር ሰፋ።

አሠራሩ ሥርዓት ነበረው። ከሳምንት ሳምንት ትንሽ ይጨምራል እንጂ አይዘልም። ክብደቱን ከበድ አድርጎ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያነሣና በየመሐሉ ቁጭ ብሎ በደንብ ያርፋል። እትዬ ወለተ ሥላሴ ይህን ዕረፍት እያዩ፣ «ይሄማ እኔም የምችለው ስፖርት ነው» ይሉ ነበር። ሌላው ጉልበተኛ በእንቁላል ሲገነባ፣ እሱ በጾሙ አሹቁን በትልቅ ሳህን ይዞ ይቀመጣል። እሑድ እሑድ ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ክንዱን ይለካል። ሲለካ ሜትሩን ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው። ለደንበኛ የማያደርገውን ለራሱ ያደርጋል፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

ጣጣው የመጣው ከንፋሱ ነው። የደብረ ብርሃንን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ቀን ተነሥቶ የእትዬን የማድ ቤት ቆርቆሮ ሲገነጥል፣ እትዬ ዙሪያቸውን አዩና ከጂሙ አንዱን ክብደት ጣራው ላይ አስጫኑ። «ድንጋይ ድንጋይ ነው» አሉ። ከዚያማ ማን ይመልሰው! አንዱ ክብደት የግቢውን በር ደግፎ ተገኘ፤ ሌላው የጠላ ጋን ክዳን ላይ ጉብ አለ። ወርቅአገኘሁ ከሱቅ ሲመለስ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ብረቱን ከየቤቱ ይሰበስባል። ጎረቤት ደግሞ አይከለከል ነገር፤ «ማሟሟቂያ ነው» እያለ ራሱን ሲያጽናና ከረመ።

ያላስቻለው የዓብዱ ነው። ዓብዱ የዓልዩ አምባ ሰው ነው፤ የግቢውን የፊት ክፍል ተከራይቶ በርበሬና ቅመም ይነግዳል። አንድ ቀን የሚዛኑ ድንጋይ ጠፋበትና ከጂሙ በቀይ ቀለም «20» የተጻፈበትን ክብደት ወሰደ። ጠንቃቃ ነጋዴ ነውና ከመገልገሉ በፊት ሌላ ሚዛን ላይ አወጣው። ከዚያ ደንበኛ በሞላበት በር ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ወርቅአገኘሁ! ወላሂ ይሄ ነገርህ አሥራ አራት ነው!»

በርበሬ የሚገዛው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ጓዳ ሆነው ሳቁ። ወርቅአገኘሁ ሰማይ የተደፋበት መሰለው። ስንት ጊዜ ነው ይህን ያህል አነሣሁ እያለ ሰፈሩን ያሰለቸው!

«የሚዋሸው ሚዛንህ ነው!» አለ።

«የእኔ ሚዛን ሐላል ነው። ሲሚንቶህን ጠይቀው» አለው ዓብዱ።

ወርቅአገኘሁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓብዱ ጋር ተኳረፈ። ሰላምታ እንኳ ነሣው። ክብደቶቹን ሁሉ በመዶሻ ሰባበረና በጠጠር አጠንክሮ አዲስ ሠራ፤ ወፍጮ ቤት ወስዶ በእህል ሚዛን አስመዘናቸው። አሁን ልክ ናቸው። ከዚያም ዳግመኛ ማንም እንዳይዋሰው ክብደቶቹን ዘንጉ ላይ አስገብቶ ዙሪያቸውን በሲሚንቶ ደፈናቸው። «የሚዋስ ካለ ከነዘንጉ ይዋስ!» አለ። ስልኩ ላይ ያለው ፈረንጅ ግን ነግሮት ነበር፦ ብቻህን ተንጋለህ የምትገፋ ከሆነ ክብደቱን አትቆልፈው፣ አቅም ያነሰህ እንደሆነ ዘንጉን አዘንብለህ ታራግፈዋለህ፣ ቢቻል ደግሞ ከራስጌህ ሰው አቁም ብሎ ነበር። ወርቅአገኘሁ ይህን አልረሳም። ንዴት ግን የሰሙትን ያስንቃል።

በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። በወሩ ሚካኤል የጽዋው ተራ የእትዬ ወለተ ሥላሴ ነበረ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ፍሥሐ ባርከው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሁሉም ሲጫወት፣ አንዱ ማኅበርተኛ «ያ አሥራ አራቱ እንዴት ነው?» ብሎ ነካካው። ወርቅአገኘሁ ብድግ አለ።

«ከእንግዲህ ያን ብረት ከእኔ በቀር እጁን ያሳረፈበት፣ በቅዱስ ሚካኤል የተገዘተ ይሁን!»

እትዬ አማተቡ።

«አንተ ሰው!» አሉ መምሬ ፍሥሐ። «ግዝት እንደ ሱሪ ነው እንዴ፣ ሰፍተህ አልሆን ሲልህ የምትተረትረው? በል ይቅርታ ብለህ ተወው!»

«አንዴ ብያለሁ፣ ብያለሁ» አለና ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ ብረቱ እውነትም ተከበረ። እትዬ ጓሮውን ሲጠርጉ ጂሙ ጋ ሲደርሱ መጥረጊያውን ሰብስበው በሩቁ ይዞራሉ። ዶሯቸው አግዳሚው ሥር ዕንቁላል ብትጥል እንኳ ዕንቁላሉን የሚያነሣ ጠፋ። ወርቅአገኘሁ ደስ አለው። ብረቱን የሚነካ የለም፤ እሱም የሚያዋራው አጥቶ በሰላም ይሠራል።

አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሰዉ ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ ያን እውነተኛ ክብደት ተንጋሎ ሊገፋ ቆረጠ። ሰማንያ ኪሎ ነው፤ ማንም ቢመዝነው ሰማንያ ነው። ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ አሰረ፣ ተንጋለለ፣ አማተበ፣ ዘንጉን ከባላው ላይ አወጣ። ሲወርድ እንደ ጨዋ ወረደ። ሲመለስ መሐል ላይ ደርሶ ቆመ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፣ ብረቱም ቀስ ብሎ ተመልሶ ደረቱ ላይ ቁጭ አለ።

ሊያዘነብለው ሞከረ፤ ክብደቱ ተደፍኗል፣ አይራገፍም። ወደ ሆዱ ሊያንከባልለው ሞከረ፤ ያ በቅሎ የማትበጥሰው ቀበቶ መንገድ ዘጋበት። ሊጮኽ ሞከረ፤ ትንፋሹ ግማሽ ነው፣ ግማሹንም ንፋሱ ወሰደው። ያን ጊዜ ፈራ። ቀልድ አይደለም፣ እሞታለሁ ብሎ ፈራ። «እት... ዬ...» አለ።

እትዬ ወለተ ሥላሴ የታጠበ ልብስ ሊያሰጡ ወደ ጓሮ ብቅ ሲሉ አዩት። «ኡ ኡ! ወርቅአገኘሁ!» ልብሱን ጥለው ሮጡ። እጃቸውን ዘረጉ። ብረቱን ሊይዙት ስንዝር ሲቀራቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ግዝቱ!» አሉ።

ጩኸቱን ሰምቶ ዓብዱ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ መጣ። ኩርፊያውን ረስቶ ዘሎ አንዱን ጫፍ ብድግ አደረገ። ብረቱ በሌላው በኩል ሸርተት ብሎ ወደ ወርቅአገኘሁ አንገት ሄደ።

«አንገቱን! አንገቱን!» አሉ እትዬ።

ዓብዱ ቀስ ብሎ መልሶ አሳረፈው። «በአንድ በኩል ካነሣነው እንገድለዋለን። እትዬ፣ ከዚያ ማዶ ያዙ፤ እኩል እናንሣው!»

«ተገዝቻለሁ እኮ ልጄ! በሚካኤል!»

«ሚካኤልን እኛም እናውቀዋለን። ሰው ሲሞት ቆማችሁ እዩ አላለም!»

«እሱስ አላለም፤ ይሄ ነው ያለው!» ወርቅአገኘሁን በጣታቸው አሳዩት።

ወርቅአገኘሁ ያለ የሌለ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ፈት... ቻለሁ...» አለ።

«ካህን ነህ አንተ የምትፈታው?» ብለው ጮኹበት። «ምን ሥልጣን አለህ!»

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የሚያውቅ ሰው አለ? የሚያድነው እጅ ስንዝር ላይ ቆሟል፤ ያቆመውም የገዛ አፉ ነው። ወርቅአገኘሁ ተጸጸተ። ስለ ጣራው፣ ስለ ጋኑ፣ ስለ አሥራ አራቱ ሁሉ ተጸጸተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እትዬ ያን እንባ አዩ። እኚህ ሴት ታመው እንኳ ረቡዕና ዓርብን ሽረው አያውቁም፤ ግዝት ከሞት ይልቅ ይፈራሉ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ። ቀና ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

«ሚካኤል ሆይ፣ እያየህ ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ይሄ ቂል ግን እንደተንጋለለ አይቅርብኝ!»

ያዙት። ዓብዱ «ቢስሚላህ!» አለ፣ እሳቸው «በስመ አብ!» አሉ፣ ብረቱ ተነሣ። አነሣሣቸው ሁሉ ስሕተት ነበር፤ ጀርባቸው ጎብጧል፣ እግራቸው ገጥሟል። ወርቅአገኘሁ ከሥር ሆኖ፣ በዚያ ጭንቅ መሐል፣ «እትዬ... ጀርባዎን... ቀጥ...» አለ።

«ዝም በል አንተ!»

ብረቱ ባላው ላይ አረፈ። ወርቅአገኘሁ ከአግዳሚው ተንከባሎ መሬት ወደቀና ሳለ። ዓብዱ ጀርባውን እየደበደበ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ሁለቱ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ኩርፊያው እዚያው አለቀ። እትዬ ግን አልሳቁም። መዳፋቸውን ገልብጠው ገልብጠው አዩና ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ወርቅአገኘሁ ተርፌያለሁና ላመስግን ብሎ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቅዳሴው ገብቷል። ከቅጥሩ ውጭ፣ ያ ንፋስ በሚመታው በኩል፣ አንዲት ሴት ነጠላቸውን አጣፍተው ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ጠጋ ሲል እትዬ ወለተ ሥላሴ ናቸው።

«ምነው እትዬ፣ ለምን አይገቡም?»

«ግዝት የጣሰ ሰው በየት በኩል ይገባል? አንተ ግባ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ወርቅአገኘሁ አልገባም። እሳቸው ጎን ቆሞ፣ ያን ክንዱን ታቅፎ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ጉልበት አለኝ ብሎ ሲኩራራ የከረመው እሱ ነው፤ የእሱን ሸክም በብርድ የተሸከሙት ግን እሳቸው ናቸው። አፈረ፣ በጣም አፈረ።

ቅዳሴው ሲያልቅ መምሬ ፍሥሐ እግር ላይ ወደቀ። «አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሳቸውን ፍቱልኝ፤ ቅጣቱን እኔው ልውሰድ» አለ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው እስከ በሩ ወጡ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው እትዬን ባረኩ። እትዬ መስቀሉን ስመው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ሮጥ ብለው ገቡ።

«አንተ ደግሞ» አሉ መምሬ፣ «ከነገ ጀምረህ እስከ ዓርብ ጧት ጧት አርባ አንድ አርባ አንድ ትሰግዳለህ። ግንባር መሬት እየነካ። የሚቆጥርልህ ሰው አለ?»

ወርቅአገኘሁ መልስ ሳይሰጥ እትዬ ከውስጥ ተመለሱ። «አለ» አሉ።

ሰኞ ጧት ጓሮው ውስጥ ጆንያ ተነጠፈ። እትዬ በርጩማቸውን ፀሐይ ላይ አድርገው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዓብዱ ሱቁን ሳይከፍት መጥቶ ግድግዳ ተደገፈ። ወርቅአገኘሁ መጀመሪያ ላይ ናቀው፤ ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብድግ ሲል ለኖረ ሰው ባዶ ትከሻ ምን ያቅተዋል ብሎ። ግማሽ ሳይደርስ ጭኑ ተርገፈገፈ። ጉልበቱ ጮኸ። ላቡ ጆንያውን አራሰው። ግንባሩን ወደ መሬት ሰደደና ቶሎ ብድግ አለ።

«አይቆጠርም» አሉ እትዬ።

«እንዴ፣ ለምን?»

«ግንባርህ አልነካም።»

«ነክቷል! ዓብዱ፣ አልነካም?»

ዓብዱ ሰማይ ሰማይ አየ።

«እትዬ፣ እንደው በሞቴ» አለ ወርቅአገኘሁ እያለከለከ፣ «ሚካኤል ራሱ እንኳ እንዲህ አያጠብቅም!»

«ሚካኤል መሐሪ ነው። እኔ ግን ወገቤን አሞኛል። ድገም።»

ደገመ።