ዘቅዝቆ መትከል

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም እትዬ አምለሰትን የማያውቅ ካለ፣ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ፋሲካ ሲቃረብ ከምድር ቤት መስኮታቸው ሥር የሚፈካው ቀይ አበባ መንገደኛ ያስቆማል። ሽንኩርት የሚመስለውን ሥሩን ነፍሳቸውን ይማርና እናታቸው ናቸው ከአዲግራት በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ያመጡላቸው። እናትየው ካረፉ ወዲህ፣ እትዬ አምለሰት ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ «እንዴት አደርሽ» የሚሉት አበባውን ነው። ጎረቤት ቀጥሎ ይመጣል።

ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ሰው «ስጡን» ይላል! እምቢ ማለት ነውር፣ መስጠቱ ደግሞ አንጀት ያቃጥላል። በየደጁ ከፈካ የእሳቸው ምኑ ላይ ነው? እትዬ ግን መላ አያጡም። ከዳር አንዱን ፈገግ ብለው ይሰጡና ምክር ይመርቁበታል።

ትክክለኛውንማ ከማንም በላይ ያውቁታል። አበባው ሲያልፍ ቅጠሉ አይነካም፤ ለከርሞ ስንቁን የሚያጠራቅመው በቅጠሉ ነው። በበጋው ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ቢጫ ሆኖ ሲተኛ፣ ሥሩን እንዳያቆስሉ ራቅ አድርጎ መቆፈር ነው። ግልገሎቹን በእጅ አላቅቆ፣ አንገታቸውን ከአፈር በላይ ትቶ መትከል። ውሃ ከበዛበት ይበሰብሳል።

ለጎረቤት የሚነገረው ግን ሌላ ነው። «ቅጠሉን ሙልጭ አድርገህ ቁረጥ፣ ዘቅዝቀህ ቅበረው፣ ውሃ ጠዋት ማታ!»

ጎረቤታቸው ላጲሶ አንዲት ሳያጎድል ፈጸመ፤ አበባው ጭቃ ሆኖ ቀረ። «እጄ አልተባረከም መሰለኝ» ብሎ ሲያዝን፣ «አይዞህ፣ እሱም ከእግዜር ነው» ብለው አጽናኑት። ወይ ድፍረት! ሌሎቹም እንደሱ ቀሩ። ከሦስተኛ ፎቅ ሐሚዳም አንድ ወስዳ ነበር፤ ስለሷ ወሬ አልተሰማም።

ዘንድሮ ጥር ላይ እትዬ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ መስኮታቸው ሥር ቦይ ተቆፍሮ ጠበቃቸው። የፍሳሽ ቱቦ የሚቀይሩ ሰዎች አፈሩን በመኪና ጭነው ወስደውታል። የተረፈውን በእጃቸው ቢበረብሩ አንድ ፍሬ የለም። ያቺን የእናታቸውን አደራ! ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ከዚያ በር ማንኳኳት ጀመሩ። «ያ የሰጠሁህ አበባ...»

«ኧረ ያኔ በሰበሰ እኮ» አለ ላጲሶ አንገቱን ደፍቶ። «ያሉኝን ሁሉ አድርጌ ነበር።»

የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ ሁሉም ያሉትን አድርጓል። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ያለው ማን ነበር?

በማግስቱ ሐሚዳ ወሬውን ሰምታ ፌስታል አንጠልጥላ መጣች። ጎሮ፣ እናቷ ግቢ የተከለችው ተራብቶ ኖሯል። ድፍን ድፍን ያለ፣ ጤነኛ ሥር!

«ሐሚዳዬ!» አሉ እትዬ ፌስታሉን አቅፈው። «ያልኩሽን አላደረግሽም እንዴ?»

«እማዬ ዕድሜዋን ሾላ ገበያ ሽንኩርት የሸጠች ሴት ናት። ዘቅዝቄ ልተክል ስል እስኪያስነባት ሳቀችብኝ።»

እትዬ አምለሰት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ሐሚዳ ደረጃው ጋ ስትደርስ ዞር አለች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል የለም።

«አደራዎን እንግዲህ እትዬ፣ ዘቅዝቀው ነው። ውሃ ጠዋት ማታ።»

 እትዬ ከፌስታሉ ወፈር ወፈር ያሉትን ሁለት መርጠው፣ የላጲሶን በር አንኳኩ።

«እንካ» አሉት፣ ዓይኑን ሳያዩ። «አንገቱ ወደ ላይ ነው።»