የዓያንቱ ዲግሪና የሟቹ ጋዋን

ዓያንቱ ደቅሲሳ በልጅነቷ ያዮ ጫካ ውስጥ ቡና ስትለቅም ከቅርንጫፍ ላይ ወድቃ ቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻው በሸምበቆ ሲያስረው ከልክ በላይ አጥብቆት ኖሮ ጣቶቿ ጠቆሩ። አባቷ በዚያ የጭቃ መንገድ አዝሎ መቱ ሲያደርሳት ሐኪሙ እጇ እንዲቆረጥ መከረ። አባትየው "እስከ ነገ ታገሠኝ" ብሎ ለመነው። በማግስቱ የጣቶቿ ጫፍ ሞቆ ተገኘ። እጇ ተረፈ፤ ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይጨብጡም።

በተኛችባቸው ወራት በግራ እጇ፣ በከሰል፣ የቤቱን ግድግዳ በሥዕል ሞላችው። እናቷ ጊፍቲ መጀመሪያ ተቆጣች። ከሥዕሎቹ መካከል አንድ ዓይኗ የጠፋባትን የራሷን ዶሮ ባየች ጊዜ ግን ሳቀችና ተወቻት።

ያቺ ልጅ አድጋ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተማረች። እንደ ጓደኞቿ ሁሉ የወጪ መጋራት ውል ፈርማ ነው የገባችው። በዚያ ዕድሜ ዕዳ ሩቅ አገር ያለ ነገር ይመስላል። ተመርቃ መቱ ስትመለስ የያዘችው ጊዜያዊ ወረቀት ነበር፤ ዋናው ዲግሪ ዕዳው ካልተከፈለ አይሰጥም። እናቷ ግን በጋዋን የተነሳችውን ፎቶ አስፍታ፣ በመስታወት አሠርታ ሳሎን ሰቀለችው። ለእሷ ዲግሪው እሱ ነበር።

ዓያንቱ ከእኔ ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ የሱቅ ታፔላ መጻፍ፣ ባጃጅ ማስዋብ፣ ለነጋዴዎች የቡና ጆንያ ምልክት መሥራት ጀመረች። ግራኝ ስለሆነች ቀለሙን መዳፏ እንዳያበላሸው ጽሑፉን ከመጨረሻው ፊደል ትጀምረዋለች። ሰፈርተኛው ቆሞ ያያታል።

"ደግሞ ከጭራው ጀመረችው!" ይላል አንዱ ባለ ባጃጅ።

"አንተስ ብትሆን መች ከፊት ትጀምራለህ፣ ወደ ኋላ ስትነዳ አይደል አጥር ያፈረስከው?" ትለዋለች፣ ብሩሿን ሳታነሳ።

ባለፈው ዓመት ሁሩሙ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ፈለገ። ዋናውን ዲግሪ እስከ ወሩ መጨረሻ ማቅረብ ግድ ነበር። ያጠራቀመችው ገንዘብ የዕዳዋን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ደጄ ላይ ተቀምጣ አሰበችው፤ እኔም አብሬያት አሰብኩ። በቡና ወራት ብሩሿ ከመምህር ደመወዝ የተሻለ ያመጣል። ክረምት ሲገባ ቀለም አይደርቅ፣ ታፔላ የሚያሠራ አይመጣ፤ የቤት ኪራይ ግን አይቆምም።

"ጋሼ ገዛኸኝ፣" አለችኝ፣ "ደመወዙ ብዙ አይደለም። ግን በሐምሌም አይቀርም።"

በዚያው ሰሞን አቶ ደበሳ የሚባሉ ሽማግሌ በእኛው አካባቢ ካለችው ቡሬ መጡ። በላስቲክ የጠቀለሉትን አነስተኛ የመታወቂያ ፎቶ ሰጧት። ልጃቸው ኡርጂ ነው። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ታሞ ሞቷል።

"ጋዋን አልብሰሽ በትልቁ ሣዪልኝ፣" አሏት። "ግን መጀመሪያ ዕዳው ይከፈል። ባለዕዳ ሆኖ አይለብስም።"

"ምን ዕዳ አለበት፣ አባ?"

በአካባቢያችን ሬሳ ሲቀበር ሽማግሌ ተነስቶ "ሟች ዕዳ ያለበት ይናገር" ይላል። አቶ ደበሳ በልጃቸው ቀብር ይህን ሲያስጠይቁ የተናገረ አልነበረም።

"እኔ ግን የመንግሥት ወረቀት እንደፈረመ አውቃለሁ፣" አሉ። "መንግሥት ደግሞ ለቅሶ አይደርስ! ማን ይናገርለት? በሬዬን ሸጬ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። 'አባ፣ ከሞተ ሰው አንጠይቅም' ብለው መለሱኝ።"

ከኮታቸው ኪስ በመሀረብ የታሠረ ገንዘብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ይህ የልጄ ዕዳ ነው ብዬ ከቤቴ አውጥቼዋለሁ፤ ተመልሶ አይገባም። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ የፈረምሽው የለም?"

"አለ፣ አባ።"

"እንግዲያው የእሱን ባንቺ ስም ክፈይው።"

ዓያንቱ መሀረቡን ፈትታ ቆጠረች። ዕዳዋን ሞልቶ ይተርፋል። ሁሩሙም ደመወዙም እዚያች መሀረብ ውስጥ ነበሩ። በመጨረሻ መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው።

"ቢሮው ዕዳ የለበትም ብሏል። ዕዳ ከሌለበት ይህ የበሬ ዋጋ ነው። በሬዎን ይግዙበት። እኔ የሥዕሉን ብቻ እቀበላለሁ።"

"ግትር ነሽ!"

"ነኝ። ቅድሚያ ክፍያ ግን ይተዉልኝ፣ ቀለም መግዣ የለኝም።"

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ።

እናቷ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን አኮረፈቻት። "ክብርሽን ወጥ አድርገሽ ብዪው" አለቻት። እኔ በዓያንቱ አልፈረድኩም፤ አላደነቅኳትምም። ደክሟት ነበር፤ የደከመ ሰው አይጨበጨብለትም።

ወሩ አለቀ። የሁሩሙን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው። አቶ ደበሳ ሥዕሉን ሊወስዱ ሲመጡ ፊቱ ቆመው አዩት። ከዚያ "አንገቱን እንዲህ ነበር የሚያዘነብለው" ብለው ተቀመጡ። ፎቶው ላይ ልጁ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ነበር።

"ጋዋኑን ዕዳ ሳይኖርበት ነው የለበሰው?" አሏት።

"አዎ፣ አባ። ምንም የለበትም።"

ሥዕሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

አሁን ክረምት ነው። ታፔላ የሚያሠራ የለም፤ ዲግሪዋም አልወጣም። ትናንት "ያን ገንዘብ በመመለስሽ አይቆጭሽም?" ብዬ ጠየቅኳት። ብሩሾቿን በጋዝ እያጠበች መለሰችልኝ፦

"ጋሼ፣ ደክሞኛል። ግን ያን አንገት ከፎቶው አይደለም ያገኘሁት፤ ሽማግሌው ገንዘቡን ሲያስቀምጡ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር፣ ከሳቸው ነው የወሰድኩት። እንደዚያ ማየት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ያለብኝ ዕዳ የዚያ ትምህርት ነው። ትንሽ ትንሽ እያልኩ እከፍለዋለሁ።"