በበረኪና የታጠበው ቆረቆንዳ

«ሠራ» አለች እህቴ በስልክ። ስልኩን ለእማዬ አቀበልኳት። እማዬ ሰማቻትና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መስኮቱ ጋ ቆመች። ይህን የምጽፈው ደስታዬ ሳይበርድ ነው።

እህቴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። የመመረቂያ ጥናቷ የበቆሎ ፍሬ ከተበላ በኋላ በሚቀረው ቆረቆንዳ ላይ ነው። ቆረቆንዳው አየር በማይገባበት ምድጃ ይከስላል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ኒኬል የሚባል ብረት በትንሹ ይጨመርበታል። ያ ጥቁር ዱቄት ካታሊስት ይባላል፤ ኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ሲያወጣ ሥራውን ያቀልለታል። ሃይድሮጅን ሲነድ ጭስ የለውም። ይህን ስትነግረኝ፣ እማዬ ኮሪደር ላይ በከሰል ስታበስል የሚይዛት ሳል ነው ትዝ ያለኝ።

ክረምት ላይ ቆረቆንዳ የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። አብነት ሰፈር መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ፣ ሰው ግጦ የጣለውን በፌስታል ስለቅም አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ በሬ አሰራችሁ እንዴ?»

«አይ፣ እህቴ ልትማርበት ነው።»

«በቆረቆንዳ? እንዲያ ከሆነማ እኔ ይሄኔ ፕሮፌሰር ነኝ።»

ጥፋቱ የመጣው ቤት ውስጥ ነው። እህቴ «በውሃ ብቻ አለቅልቁልኝ» ብላ ሄዳ ነበር። እማዬ ግን ያጠራቀምኩበትን ጆንያ ስትከፍት የጥርስ ምልክት አየች። «የሰው አፍ የነካውን ይዛ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ? ምን ዓይነት እናት ናት ያሳደገቻት ይሉኛል» አለችና በበረኪና ዘፈዘፈችው። ነጭ ሆኖ ደረቀ። ለእንግዳ የሚወጣ ሳህን እንኳ እንደዚያ አይጸዳም።

ሙከራው አልሠራም። አማካሪዋ ቆረቆንዳው በምን እንደታጠበ ጠየቋት፤ እሷም ቤት መጥታ እማዬን ጠየቀች።

«በረኪና ጨምሬበታለሁ። ንጹህ ነው፤ ምን ሆነ?»

እህቴ አልተቆጣችም። አለመቆጣቷ ነው የባሰው። የበረኪናው ቅሪት ዱቄቱን እንዳበላሸው ቀስ ብላ አስረዳቻት። የቀራት አንድ ሙከራ ነው፤ እሱም ካልሆነ ርዕስ መቀየር አለባት፣ መሥሪያ ቤቷ የሰጣት የትምህርት ፈቃድ ደግሞ ሊያልቅ ነው። እማዬ ያን ቀን ራት አልበላችም። «በገዛ እጄ» ብቻ አለች።

በማግስቱ አብራኝ አብነት ወረደች። ሁልጊዜ ጎረቤት ምን ይለኛል የምትል እናቴ፣ ጎንበስ ብላ ከጭቃ ላይ ቆረቆንዳ ለቀመች። ሴትዮዋ በዚህ ጊዜ አልቀለደችም፤ ያጠራቀመችውን በማዳበሪያ ከረጢት ሰጠችን። ቤት ገብተን በውሃ ብቻ አጠብነው። የጥርሱ ምልክት እንዳለ ነበር። እማዬ አየችውና እንዲደርቅ አሰጣችው።

በስልክ «ሠራ» ያለችው ያን የመጨረሻ ሙከራ ነው። አሁን እህቴ ጥናቷን በሰው ፊት ልታቀርብ ነው። አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ «ሰው ጥሪ» ብላኛለች። ቀኑ ሲቆረጥ እነግራችኋለሁና እናንተም ኑ። ኬሚስትሪ ባታውቁም ግድ የለም፤ እማዬም አታውቅም። ከጎኗ ተቀመጡ።