ጋሽ አላልኩም የዋህ ሲሆን

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሯል። እውነተኛ ስሙ መንጃ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል፤ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ግን የለም። ተማሪዎቹ በሌለበት፣ ሚስቱ ደግሞ ፊት ለፊት፣ «ጋሽ አላልኩም» ይሉታል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ተማሪው ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቆ ሞተሩ ሲጠፋበት «አላልኩም?» ይላል። ወደ ኋላ ሲነዳ የማሰልጠኛውን የጎማ ክምር ሲገጭ «አላልኩም?» ይላል። አንዳንዴማ ከናካቴው ምንም ሳይል ቆይቶ ነው «አላልኩም?» የሚለው። አንዲት ተማሪ ደፍራ፣ ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄን እንኳ አላሉም፣ ብትለው፣ ልል ነበር ብሎ መለሰላት።

ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ይሄ ከአሁኑ ይታወቅለት። የማሰልጠኛዋ መኪና በአሰልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አላት። በዚያች ፍሬን ስንት እግረኛ፣ ስንት ውሻ፣ አንድ ጊዜም ሙሉ የሠርግ አጃቢ አትርፏል። ችግሩ እግሩ ያዳነውን ሰው አፉ መግደሉ ነው። ፈርተው ከመኪናው የሚወርዱ ተማሪዎች ያስፈራቸው መንገዱ ይመስላቸዋል፤ አልነበረም።

ሚስቱ የክትባት ነርስ ናት። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሊያስተምራት ሞክሮ ነበር። ገና ከግቢ ሳይወጡ የራሳቸውን የብረት በር ገጨች። እሱም ወርዶ፣ በሩን አይቶ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «አላልኩሽም?» አላትና ከመሪው አስነሳት። በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ወሬውን ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ማውራት ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት በሩ ትንሽ ተጭሮ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ተጣመመ፤ በስድስተኛው ዓመት ከነምሰሶው ወደቀ። አንድ ቀን ለቅሶ ላይ ሲያወራው ሟች ራሱ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ተባለ። ሚስቱ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ ነክታ አታውቅም።

ዘንድሮ ነገሩ ተለወጠ። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ የክትባት ቡድኑ ኃላፊ አድርጎ ሾማት። ሹመቱ ከመኪና ጋር ነው፤ መኪናው ግን ያለ ሾፌር። በአንድ ወር ውስጥ መንጃ ፈቃድ ካላመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እሷም ቃል ሳትተነፍስ ሄዳ ተመዘገበች፤ ከባሏ ማሰልጠኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ያለው ሌላ ማሰልጠኛ። እዚያ የሚያስተምረው ወጣት ደግሞ ራሱ ጋሽ አላልኩም ያሠለጠነው ነው። ባል ይህን ያወቀው መብራት ላይ ቆሞ ሳለ፣ በጎኑ በቆመች የሌላ ማሰልጠኛ መኪና ውስጥ የገዛ ሚስቱን መሪ ጨብጣ ሲያያት ነው። እጁን አውለበለበላት። እሷ በደንቡ መሠረት ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

ሆድ ባሰው። ቤት ገብቶ ለምን ከእኔ አልተማርሽም ቢላት፣ የሽንኩርት መክተፊያውን እያጠበች፣ ድምጿን እንኳ ሳትለውጥ መለሰችለት።

«አንተ አጠገብ ስቀመጥ መንገዱን ሳይሆን የአንተን ፊት ነው የማየው» አለችው። «በዚያ ዓይነት ደግሞ ማንም በር ይገጫል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ከፈተናዋ በፊት፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ ከእሱ ጋር መሪ ትጨብጥ። ለመናት። እስቲ ይታያል አለችው። በዚያ ቤት እስቲ ይታያል ማለት ትርጉሙ አይሆንም ነው።

ጋሽ አላልኩም ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለች አንዲት ክፍል፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከስምንት ምእመናን ጋር ወንጌል ያነባል። የምታስጠናቸው ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። የዚያ ወር ርእስ የኢየሱስ ጠባይ ነበር። ምን ምን ተአምር እንደሠራ እናውቃለን፤ ሲሠራው ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? መምህርቷ እንዲህ ጠይቃ በዚያ ሳታቆም የቤት ሥራም ሰጠች። እያንዳንዱ ሰው ከጠባዩ አንዱን መርጦ አንድ ሳምንት በእሱ ይኑር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ትዕግሥትን ያዘ። ጋሽ አላልኩም እጁን አውጥቶ የዋህነትን እወስዳለሁ አለ። መምህርቷ ከመነጽሯ በላይ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ ቀለል ካለው መጀመርም ይቻላል አለችው። አልሰማትም።

የዋህነት ማለት ለእሱ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ነው። አንገት ዘንበል፣ ዓይን ግማሽ ክድን፣ እጅ ከፍ። መስታወት ፊት ቆሞ ሁለት ቀን ተለማመደው። ሚስቱ አንገትህን ብርድ መታህ እንዴ ብላ ቅባት አመጣችለት።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያ ተማሪው ደንዳና ትከሻ ያለው አናጢ ነበር። ጋሽ አላልኩም አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ድምፁን የተኛ ሕፃን ላለመቀስቀስ በሚያወራ ሰው ልክ ዝቅ አደረገ። አናጢው በዚህ ድምፅ ግራ ገብቶት፣ ጋሼ ታመው ይሆን እያለ ዞር ዞር ብሎ ሲያየው መኪናዋ መንገድ ዳር ወዳለ አንድ የፍራሽ መደብር አቀናች።

«ወንድሜ፣ ፈቃድህ ከሆነ» አለ ጋሽ አላልኩም በዚያው ድምፅ፣ «ፍሬን ቢያዝ ደስ ይለኛል።»

ይህን ብሎ እስኪጨርስ መንገዱ አለቀ። የራሱን ፍሬን እንዳይረግጥ ዓይኑ ግማሽ ክድን ነው። መኪናዋ በሩ ላይ ከተደረደሩት ፍራሾች ውስጥ ገብታ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ በክብር ተኛች። ባለ መደብሩ ከላይ ወድቆባቸው የነበረውን ትራስ አንስቶ በመስኮት አያቸው። ማንም አልተጎዳም። ጋሽ አላልኩም ከንፈሩን ነከሰ፤ እስከ ሃያ ቆጠረ፤ ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ ግን በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ አንገቱን እንዳዘነበለ፣ «አላልኩም?» የምትለው ቃል ሾልካ ወጣች።

አናጢው ሞተሩን አጠፋና «ጋሼ» አለ፣ «የድሮው ይሻላል።»

ረቡዕ ይህን ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የትዕግሥት ሳምንቱን ረስቶ ወንበር እየደበደበ ሳቀ። መምህርቷ ብቻ አልሳቀችም። ኢየሱስ እንዲህ ሲናገር የት አነበብክ ብላ ጠየቀችው። የትም አላነበበም፤ ከሥዕሉ ነው ያየው። እንግዲያው ሥዕሉን ተወውና አራቱንም ወንጌል ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ሰው ሲያጠፋበት ምን እንደሚያደርግ ብቻ ተከታተል አለችው።

ከተማሪ ተማሪ መካከል፣ መኪናዋን ጥላ ሥር አቁሞ ማንበብ ጀመረ። ያገኘው ሰው የሥዕሉ ሰው አልነበረም። የነጋዴዎችን ጠረጴዛ ይገለብጣል። ግብዣ ሲጠሩት ይሄዳል። በማዕበል መካከል ጀልባ ላይ ይተኛል፤ ይሄኛው ጋሽ አላልኩምን በሙያው በኩል በጣም ከነከነው። ተሳፋሪው እየጮኸ፣ ውኃው እየገባ፣ ሰውየው እንቅልፉን ይለጥጣል። ደቀ መዝሙሩ በውኃ ላይ ሲሄድ ፈርቶ መስጠም ሲጀምር ደግሞ መጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ ተግሣጹ ከዚያ በኋላ መጣ፣ እሱም አጭር ነበር። ጋሽ አላልኩም የእሱን ቅደም ተከተል አሰበና አንገቱን አከከ።

ቆይቶ ግን አንድ ነገር አገኘና መኪናዋን አስነሥቶ ወደ ቤቱ በረረ። ሚስቱ ልብስ ታጥፋለች። ጣቱን መስመሩ ላይ ተክሎ፣ አየሽ፣ እሱም ብሏል አላት። እውነት ነው፤ ወንድሟ የሞተባትን ሴት መቃብሩ አጠገብ፣ ብታምኚ የእግዚአብሔርን ክብር ታያለሽ አላልኩሽም ወይ ይላታል። ሚስቱ መጽሐፉን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«እሱ ይህን ብሎ ሲያበቃ የሞተውን ሰው ከመቃብር ጠርቶ አወጣላት» አለችው። «አንተ ብለህ ስታበቃ እኔን ከመኪና አወረድከኝ። ሙት የምታስነሣ ቀን በለኝ፤ አልቀየምህም።»

መጽሐፉን ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሱን የጨረሰው ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ያ ሊሰጥም የነበረው ደቀ መዝሙር፣ ኋላም ኢየሱስን አላውቀውም ብሎ ሦስት ጊዜ የካደው፣ ወደ ባሕሩ ዳር ይመጣል። ጋሽ አላልኩም ያቺን ቃል መጠበቅ ጀመረ። ምክንያቱም ኢየሱስ ይሄን በእርግጥ ብሎ ነበር! ስንት ጊዜ እንደሚክደው ቆጥሮ፣ የዶሮውን ጩኸት ሳይቀር ነግሮታል። በዓለም ላይ አላልኩህም የማለት መብት ያለው ሰው ቢኖር እሱ ነው። ገጹን ገለጠ። ቃሉ የለም። መልሶ አነበበው፤ የለም። ያለው የከሰል እሳት፣ ዓሣ፣ ኑ ቁርስ ብሉ የሚል ጥሪ ነው። ከቁርሱ በኋላም ትወደኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ ሥራውንም መልሶ ሰጠው።

ጋሽ አላልኩም መጽሐፉን ዘጋ። ተረኛዋ ተማሪ መስኮቱን ብታንኳኳ፣ ትንሽ ቆይታ እንድትመጣ በእጁ ምልክት ሰጣት። አፍሮ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሚስቱ ወጪ ሰው ማሳቁ አሁን ገና ገባው።

ቤት ገብቶ እንደዚያው ነገራት። ስለ በሩ፣ ስለ ወሬው፣ በሠርጉም በለቅሶውም ስላሳቀባት ይቅርታ ጠየቃት። በሩ ከነምሰሶው ወድቆ እንደማያውቅም አመነ። እሷም ውሳኔዋን ነገረችው። ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል አብራው ትነዳለች፤ ያቺ ቃል ከአፉ ከወጣች ግን ወርዳ በእግሯ ትሄዳለች። ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ደቂቃ ያህል በደህና ሄዱ። ከዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ፣ ሽቅብ ላይ ከቆምሽ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ያዢ፣ ነዳጅ ስጪ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ አላት። በእርግጥ አላት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ፊት ያለው መኪና ቆመ፤ እሷም ቆመች። ልትነሣ ስትል ሞተሩ ጠፋ። አስነሣች፤ ጠፋ። ሦስተኛም ጠፋ። ከኋላ ታክሲ፣ ከታክሲው ኋላ የዳቦ መኪና፣ ከዚያም ወዲያ ማን እንደሆነ የማይታይ ሰልፍ ጥሩምባውን ለቀቀው። አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ማነው ያስተማረሽ እያለ ይጮኻል።

ያቺ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። የምታየው መንገዱን ሳይሆን የእሱን ፊት ነው።

የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ቀበቶውን ፈታ፤ ወረደ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ታክሲው መስኮት ላይ ቆመ። ሾፌሩ የድሮ ተማሪው ኖሯል፤ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ ብሎ እጁን ከጥሩምባው ላይ አነሣ።

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ አላልኩም፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷን ተዉና በእኔ ላይ ንፉ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሞተር ጠፍቶብኝ አያውቅም እያለ ሲኩራራ የኖረ ሰው ነው ይህን ያለው። ከመስኮት መስኮት እየሄደ ለእያንዳንዱ ሾፌር ይህንኑ ነገረ። አብዛኞቹ አፍረው ተዉት። የዳቦ መኪናው ሾፌር ግን ግብዣውን አክብሮ፣ ፊቱ ላይ፣ ረጅም ጥሩምባ ነፋበት። ጋሽ አላልኩም ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማው።

ጥሩምባው ሲያበቃ ከላይ የሞተር ድምፅ መጣ። ቢዞር መኪናዋ ተነሥታለች። አንዲት ጣት ወደ ኋላ ሳትንሸራተት፣ ቀጥ ብላ፣ ያለ አሰልጣኝ፣ ሽቅብ እየሄደች ነው። ቁሚ ብሎ ሊጣራ አስቦ ተወው፤ ዳገት ላይ ከቆመች መልሶ ሊጠፋባት ነው። ስለዚህ ሮጠ። በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ አንድ እጁን ቦርጩ ላይ አድርጎ፣ ተማሪው ታክሲውን በጎኑ እያስኬደ አይዞዎት ጋሼ እያለው፣ ዳገቱን በእግሩ ወጣ።

መኪናዋ ከላይ ሜዳው ላይ፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ፣ ፍሬቻዋን እያበራች ቆማለች። በሩን ከፍቶ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«ለምን ወረድክ?» አለችው።

«ጥሩምባውን ለብቻሽ እንድትሰሚው አልፈለግኩም» አላት፤ ሌላ ለመናገር ትንፋሹ አልበቃውም።

ሚስቱ መሪውን አጥብቃ ያዘች። መስታወቱን አየች፤ ማርሽ አስገባች፤ መኪናዋን ወደ መንገዱ መለሰቻት። ከዚያ ዓይኗን ከፊት ለፊቷ ሳትነቅል ተናገረች።

«ለዚያኛው አሰልጣኝ ደውልና ከነገ ጀምሮ እንዳይጠብቀኝ ንገረው» አለችው። «እኔ እየነዳሁ ነው።»