የማዕበል ማረፊያ በረንዳ

ሰፈሩ «ማዕበል» እያለ የሚጠራት ባለጀልባ፣ ልጆቿን ያሳደገችው ሐይቁ ላይ ሰው እያመላለሰች ነው። የጀልባዋ ሞተር አልነሳም ሲል ልጆቿ ተሰብስበው፣ «እማዬ፣ አሁንስ ይብቃሽ፣ እረፊ» አሏት። ግቢዋ ውስጥም ጣሪያው በወፍራም ብረት የተያዘ ሰፊ በረንዳ ሠርተው፣ ምቹ ወንበር አስቀመጡላት።

ማዕበል ወንበሩን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። እሷ ያየችው ብረቱን ነበር።

ልጆቿ ዘወር ሲሉ ሞተሩን አሳደሰች፤ ጀልባዋንም አስጎትታ በረንዳው ሥር አስገባች። ብረቱ ላይ ሰንሰለት አንጠልጥላ የታደሰውን ሞተር አነሳችና፣ ቀስ አድርጋ ከጀልባዋ ኋላ አወረደችው። ብሎኖቹን እያጠበቀች ሳለ ትልቋ ልጇ ከተፍ አለች።

«እማዬ! ይሄ በረንዳ እኮ የተሠራው እንድታርፊበት ነው!»

«ታዲያ መች ለፋሁ? ድሮ በትከሻዬ ነበር የምሸከመው፤ ዛሬ ብረቱ ተሸከመልኝ።»

የሞተሩን ጫፍ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክራ የማስነሻ ገመዱን ሳበችው። ሞተሩ አጓራ፤ ውሃው ልጅቷንም ወንበሩንም አበሰበሰ።

«ወንበሩን ጀልባዋ ውስጥ አስገቢው!» ብላ ጮኸችባት። «ነገ አንቺ ታርፊበታለሽ፣ እኔ እነዳለሁ!»