በሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጭምብል

አሜሪካ፣ ኬንት ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ አብራኝ ዕቃ የምታሽግ ጓደኛ አለችኝ። ሆፒ ናት፤ አሪዞና በረሃ ውስጥ ካሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የአንዱ ልጅ። በሥራ የተግባባን ሴቶች ነን፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ አለቃችን እናወራለን።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮል አደረገችልኝ። ማውንትሌክ ቴራስ የሚባል ከተማ የሚኖር አንድ ነጭ ሰውዬ «የሆፒ ሽማግሌ ነኝ» እያለ ሰው ሰብስቦ ያስጨፍራል። ኢንተርኔት ላይ በለቀቀው ቪዲዮ ከጀርባው የተሰቀለ ጭምብል አይታለች።

«የኛ ነው። መኪና የለኝም፤ ትወስጂኛለሽ?»

ወሰድኳት። መንገድ ላይ፣ እንዲህ ያለው ጭምብል ለነሱ ጌጥ እንዳልሆነ፣ እንደ ሕያው አካል እንደሚከበር ነገረችኝ። ከዚያ በላይ አልነግርሽም አለችኝ። ታቦት የሰው ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ታየኝ።

በሩ ክፍት ነበር። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውዬው ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ጸጉሩ ላይ ላባ ሰክቶ ከበሮ ይመታል። ጓደኛዬ በሆፒ ቋንቋ አናገረችው። ከበሮውን አቁሞ አያት። ደገመችለት።

«እህቴ» አላት በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብሎ። «ባለፈው ሕይወቴ ከእናንተው አንዱ ነበርኩ። ቋንቋው በልቤ ውስጥ ነው።»

«አውርደው» አለችው ወደ ግድግዳው እያሳየች። «ከማን እንደተሰረቀ ታውቃለህ?»

«ገዝቼዋለሁ። እናንተ የረሳችሁትን እኛ ነን ያስታወስነው።»

ወደ ግድግዳው ስትራመድ አንድ ጢማም ተከታዩ ጸጉሯን ከኋላ ጨምድዶ መሬት ጣላት። አገጯ ከወለሉ ሲላተም ጥርሷ ሲሰበር ሰማሁ። አሁን «እህቴ» ሲላት የነበረው ሰውዬ ተንደርድሮ መጥቶ በከበሮው ዱላ እጇን ይቀጠቅጥ ጀመር። ጣቷ ተጣሞ እያየ አላቆመም። እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም፤ የጢማሙን ክንድ ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ፤ አልለቀቅኩትም። ጆሮ ግንዴን በቡጢ ሲለኝ ዓለም ሁሉ ጭው አለብኝ። ወድቄም በእግሩ ጎኔን ረገጠኝ። ምንጣፉ ላይ የነበሩት ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ።

ፖሊስ መጥቶ መጀመሪያ ካቴና ያስገባው እኛን ነው። እሷ ደም እየተፋች «እጄ ተሰብሯል» ስትል ማን ሰማት! ሰውዬው «ጸሎታችንን ረበሹ» እያለ ያስረዳል። ያዳነችን ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ናት። ስልኳን ይዛ፣ እያለቀሰች ወደ ፖሊሱ ሄደች።

«ሁሉንም ቀርጬዋለሁ። እነሱ ናቸው የመቱት።»

እኛ ተፈታን፤ ሁለቱ ወንዶች ተከሰው ተፈረደባቸው። ጭምብሉ እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠና ከአሪዞና የመጡት የጓደኛዬ አጎት ተረከቡት። በጨርቅ ሸፍነው ሲያወጡት ማንም ሳያዘኝ ፊቴን አዞርኩ።

«የኔ ልጅ፣ ጆሮሽ ይሰማል?» አሉኝ።

«የግራው ትንሽ ይጮሃል፣ አባቴ።»

እጃቸውን ጉንጬ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከድብደባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር። ሰውዬው እስሩን ጨርሶ ሌላ ስቴት ገብቷል፤ ዛሬም ሽማግሌ ነኝ ይላል አሉ።