ከእንሰቱ ውስጥ የወጣው ክንፍ

ሰበታ የምንኖርበት ግቢ የኪራይ ቤቶቹ በር ለበር ናቸው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከቤቱ ሆኖ «ይማርህ» ይላል። ጎረቤቴ ከሆሳዕና የመጣች፣ ዓለም ገና ፋብሪካ የምትሠራ ጴንጤ ናት። እኔ ሥዕል አስተምራለሁ፤ ሁሉን አውቃለሁ ማለትም ይቀናኛል።

አንድ ቅዳሜ በውሃ ቀለም የተሠራ ሥዕል ይዛልኝ መጣች። ሥዕሉ የእናቷ ቤት ከነእንሰቱ ነው፤ የሳለው በልጅነቱ የሞተው ወንድሟ ነው። ከእሱ የቀራት ይኸው ብቻ ነው። ወረቀቱ መጠቅለል ጀምሯል። የጸሎት ጓደኞቿ ተራው ደርሷት እሷ ቤት ሲሰበሰቡ፣ ግድግዳዋ ላይ እንዲያዩት ፈልጋለች።

«እትዬ፣ አደራ» አለችኝ።

«ለእኔ ተይው!» አልኳት።

ሸራ ላይ ልለጥፈው ወሰንኩ። ቀለሙ እንዳይፈስ ቀለም መያዣ ፈሳሽ ነፋሁበት፤ ከሸራው ጋር እንዲዋሃድ የወረቀቱን ባዶ ዳር በእጄ ቀድጄ አሳሳሁት፤ ኮላ ቀብቼ ከመሀል ወደ ዳር በጨርቅ እየጫንኩ አየሩን አስወጣሁ። ሸራው ግን ከሥዕሉ ይሰፋል። ትርፉን በተቀዳደደ ስስ ወረቀት ሞልቼ፣ እንሰቱን ወደ ውጭ ማስቀጠል ነበረብኝ። ስስ ወረቀት ደግሞ አልቆብኛል። ቁም ሳጥኔ ጀርባ የቤተክርስቲያን ካላንደሮች ተከምረዋል፤ ዓመቱ ቢያልፍም የመልአክ ሥዕል ያለበት ወረቀት አይጣልም። አቧራ ከሚበላው ለቁም ነገር ቢውል ይሻላል አልኩ። እንዲያውም የጽድቅ ሥራ መሰለኝ። ከካላንደሮቹ አንዱን ቀዳድጄ፣ የመልአኩን ፊት ወደ ሸራው ገልብጬ በወንድሟ ሥዕል ዙሪያ ለጠፍኩና ነጩን ጀርባ በስሱ አረንጓዴ ቀባሁት። ቫርኒሽ ደረብኩበትና ኮርቼ ምሳዬን በላሁ።

ስመለስ ወረቀቱ ፓስቲ የተጠቀለለበት መስሏል፤ ዘይት እንደጠጣ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ከእናትየው ቤት ጎን፣ ከእንሰቱ መሀል፣ አንድ ክንፍና የተመዘዘ ሰይፍ ወጥተዋል።

ልላጠው ሞከርኩ። ቁራጩ የወንድሟን ወረቀት ጠርዝ ይዞ ሲነሳ እጄን ሰበሰብኩ። በወፍራም ቀለም ልሸፍነው ብዬ ብሩሽ አነሳሁ፤ መልአክ ላይ ቀለም መለደፍ አልሆነልኝም። ከሁለት ያጣ ሆንኩ፤ መልአኩን በፊቱ ደፍቼ አጣበቅሁት፣ የሟቹንም አደራ በላሁ።

ማታ ስትመጣ አልደበቅኋትም። ቆማ ብዙ አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

«ብሸፍነውስ?» አልኳት።

«ከሥሩ እንዳለ አውቃለሁ እኮ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ ቤት ልሰቅለው አልችልም፤ ምን ይሉኛል? የወንድሜን ቀድጄም አልጥለውም። አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ፣ እትዬ።»

አሁን የእኔ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዶቼ «እጅሽ ይባረክ» ይሉኛል፤ ክንፉን ያዩት ደግሞ ያማትባሉ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። እሷ እሁድ እሁድ ከጸሎት ስትመለስ ትመጣለች። በሬ ክፍት ቢሆንም ሳታንኳኳ አትገባም። የእናቷን ቤት ለማየት እኔን ታስፈቅዳለች።

«ይቅርታ እትዬ፣ ካላስቸገርኩሽ አንዴ ልየው?»